እንቁላሉ የት ገባ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ መኖር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አለፈኝ። ሰሞኑን ከልጄ ጋር አንድ የቆየ ነገር አንስተን ተጨቃጨቅን። በ2020 ኮሮና የገባ ሰሞን ለፋሲካ ዶሮ ልሠራ ብዬ እንቁላል ፍለጋ አራት ሱቅ ዞሬአለሁ። አራቱም ጋ መደርደሪያው ባዶ ነው። ዶሮዎቹን ኮሮና አልያዛቸው፣ ታዲያ እንቁላሉ የት ገባ? ልጄ «ሰው አግበስብሶት ነው» ትላለች። እኔ «ነጋዴ ደብቆት ነው» እላለሁ። ማናችን ነን ልክ? የልጆች እናት፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለታችሁም ጫፍ ጫፉን ይዛችኋል። ትልቁ ነገር መሀል ላይ ቀርቷል። ዶሮዋ ያን ሳምንትም እንደ ወትሮዋ፣ በ24 ወይም በ26 ሰዓት አንድ እየጣለች ነበር። የተዘጋው እንቁላሉ ወደ እርስዎ የሚመጣበት መንገድ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ከኮሮና በፊት ሰው ለምግብ ከሚያወጣው ገንዘብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ውጭ ለሚበላ ነበር፤ ለምግብ ቤት፣ ለካፌ፣ ለሆቴል፣ ለትምህርት ቤት ካፍቴሪያ። ወደ እነዚህ የሚሄደው እንቁላል እርስዎ በሚያውቁት ባለ 12 ካርቶን አይጓዝም። አንዱ ክዳን በሌለው፣ 30 እንቁላል በሚይዝ ሰፊ ትሪ ይደረደራል፤ ትሪው በትሪ ላይ ይደራረብና 360 እንቁላል በአንድ ሳጥን ይገባል። ሌላው ጭራሽ ቅርፊቱን ይዞ ከፋብሪካ አይወጣም። እዚያው ይሰበራል፣ በሙቀት ይታከማል፣ ከዚያ ፈሳሹ በከረጢትና በባልዲ ተሞልቶ ለኬክ ቤት፣ ለማዮኔዝ ፋብሪካ፣ ለሆቴል ቁርስ ይሸጣል። ከአገሪቱ እንቁላል 30 ከመቶ ገደማው እንዲህ ተሰብሮ ነው የሚሸጠው።

ማርች አጋማሽ ላይ ምግብ ቤቱም ትምህርት ቤቱም ተከታትሎ ተዘጋ። ያ ሁሉ ሰው ቁርሱን ቤቱ ሊበላ መጣ። እንቁላል የሚሰብረው ፋብሪካ ገዢ አጣ፣ ሱቁ ደግሞ እንቁላል አጣ። «ታዲያ ያኛውን ወደዚህ ማምጣት ነዋ!» ይሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ግን ለፋብሪካ ብቻ ሲያቀርብ የኖረ እርሻ እንቁላሉን አጥቦ፣ በመጠን ለይቶ፣ በደርዘን የሚያሽግ መሣሪያ የለውም። ካርቶኑ ራሱ የለውም። በዚያ ላይ ሱቅ የሚገባ እንቁላል ማሸጊያው ላይ ምን ምን መጻፍ እንዳለበት ሕግ አለ። ኤፍዲኤ የሚባለው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኤፕሪል ላይ ሕጉን ለጊዜው ያላላው ለዚህ ነው፤ ባለ 30ው ትሪ ሱቅ ውስጥ መሸጥ እንዲችል። አንዳንድ ምግብ ቤቶችም ያን ሰሞን ጥሬ እንቁላልና ዱቄት ሲሸጡ ነበር። ወተት ደግሞ ይብሳል፦ ሱቅ ውስጥ ለአንድ ሰው ይህን ያህል ብቻ እየተባለ፣ እርሻ ላይ ትምህርት ቤቶች ያልወሰዱት ወተት እየተደፋ ነበር። የሽንት ቤት ወረቀቱም ታሪክ ከዚህ አይርቅም፤ የቢሮው ትልቅ ጥቅል የቤትዎ መስቀያ ላይ አይገባም።

አሁን ወደ ልጅዎ። አግበስባሽ ነበር፣ አልክድም፣ አንዱ እኔ ነኝ። ያን ሰሞን ዐቢይ ጾም ነው። ጾመኛ ነኝ። ሱቅ የገባሁት ምስርና ሽንኩርት ልገዛ ነው። ከፊቴ ያለው ሰውዬ ሦስት ካርቶን እንቁላል ጋሪው ላይ ሲጭን አየሁት። የቀረው አራት ካርቶን ነው። እጄ ሳላዘው ሄዶ ሁለቱን አነሳ። ቤት ስገባ ባለቤቴ አየችኝና «ፋሲካ እኮ ገና አንድ ወር አለው» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት?

ሂሳቡን ይዩት እስቲ። በሳምንት 100 ካርቶን የሚሸጥ ሱቅ አለ እንበል፣ 100 ቤተሰብ አንድ አንድ ይወስዳል። ቤቱ የሚከምር ማንም የለም፣ ግን እያንዳንዱ «ለማንኛውም» ብሎ አንድ ጨመረ። አለቀ፣ ሱቁ 200 ያስፈልገዋል። ከጓሮ የሚያወጣው ክምችት ደግሞ የለውም፤ የዛሬ ሱቅ የሚያስጭነው የሰሞኑን ሽያጩን አይቶ ነው። ጠዋት የመጣው እኩለ ቀን ላይ ያልቃል። ከሰዓት የመጣው ሰው ባዶውን መደርደሪያ ፎቶ አንስቶ ይለጥፋል፣ ፎቶውን ያየ ሁሉ ደግሞ በማግስቱ ሁለት ሁለት ያነሳል። በዚህ መሀል ክፉ ሰው አያስፈልግም።

ሀገር ቤት እንቁላል በጾም ይረክሳል፣ ለፋሲካ ይወደዳል። ሻጩም ገዢውም ቀኑን ስለሚያውቀው ማንም አይደነግጥም። ኮሮና ግን ቀን ቆርጦ አልመጣም። በመጋቢት 2012 አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያው በሽተኛ ተገኘ በተባለ ማግስት ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ምን እንደሆነ የሰማ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም።

ነጋዴውስ? እንቁላል እንደ ስኳር ወይም እንደ ዘይት መጋዘን ቆልፈው የሚያከርሙት ዕቃ አይደለም፣ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፣ ይበላሻል። ስለዚህ «ደበቀ» የሚለውን አልቀበልም። «ዋጋ ቆለለ» ቢሉኝ ግን ሌላ ነው። ያን ማርች የጅምላ ዋጋው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ወደ ሦስት እጥፍ ተጠግቷል፣ በዚህም አምራቾች ፍርድ ቤት ተከሰዋል። ከዚያ በፊት በነበረ ሌላ ጉዳይም በ2023 ኖቬምበር ኢሊኖይ ውስጥ የተቀመጡ ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች (ጁሪ)፣ ትልልቅ አምራቾች በ2000ዎቹ ውስጥ ተመሳጥረው አቅርቦት ቀንሰዋል ብለው ፈርደዋል። ከመሬት ተነስተው አልጠረጠሩም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ዴንቨር ቁርስ ቤት ነው የምሠራው። በ2025 መጀመሪያ ላይ እንቁላል ጣራ ነካ። አለቃዬ ዋጋ ጨመረ፣ ደንበኛ ደግሞ ንዴቱን የሚወጣው በእኔ ላይ ነው። ኮሮና ካለፈ ቆየ፣ ይሄኛው ከየት መጣ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መደርደሪያው ያው ባዶ ቢሆንም በሽታው ሌላ ነው። በዚህኛው የታመመችው ዶሮዋ ራሷ ናት። የወፍ ጉንፋን የሚሉት በ2022 ፌብሩዋሪ ኢንዲያና ውስጥ ተርኪ የሚባለው ትልቅ ወፍ የሚረባበት አንድ እርሻ ላይ ተገኘ፣ ከዚያ አገር አዳረሰ። የሚያዛምቱት የዱር ወፎች ናቸው፣ ለነሱ ደግሞ አጥር አይሠራም። አንድ እርባታ ውስጥ በሽታው ከተገኘ የታመመችውም ጤነኛዋም ዶሮ አንድ ላይ ትወገዳለች። እዚህ አገር አንድ እርሻ ብቻውን ከሚሊዮን በላይ ዶሮ ሊይዝ ይችላል፤ አንድ ግቢ ታመመ ማለት ሚሊዮን እንቁላል በቀን ቀረ ማለት ነው። እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ ተርኪውንም ሌላውንም ጨምሮ ከ150 ሚሊዮን በላይ ወፍ አልቋል።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላል ተረቱ፣ ስንት ወር እንደሚፈጅበት ግን አይነግርህም። ልቁጠርልህ። መጀመሪያ ግቢው ይጸዳል፣ ይመረመራል። እንቁላሉ እስኪፈለፈል 21 ቀን። ጫጩቷ አድጋ ቄብ ሆና የመጀመሪያዋን እስክትጥል ደግሞ 18 እስከ 20 ሳምንት። አምስት ወር ሄደ። በዚያ መሀል ጎረቤት ያለው እርሻ ቢያዝ እንደገና ከዜሮ።

ዋጋው የሚዘለው ደግሞ እንቁላልን የሚተካ ስለሌለ ነው። የበሬ ሥጋ ቢወደድ ሰው ወደ ዶሮ ይዞራል፤ ኦምሌት ላዘዘ ሰው ግን በእንቁላል ፋንታ ምን ታቀርብለታለህ? ትንሽ ሲጎድል ሁሉም ለቀረችው ይጫረታል። በመንግሥት አኃዝ የደርዘን አማካይ ዋጋ በ2023 ጃንዋሪ 4 ዶላር ከ82 ሳንቲም ገባ፣ በዚያው ዓመት በጋ ላይ ወደ 2 ዶላር ገደማ ወረደ፣ በ2025 ማርች 6 ዶላር ከ23 ደረሰ። በዓመቱ የእኛም የፈረንጆቹም ፋሲካ አንድ ቀን፣ ኤፕሪል 20 ላይ ዋለ፣ ይህም አላገዘም። ያንተ ኮሎራዶ ደግሞ ከዚያው ዓመት መጀመሪያ ጀምሮ ሱቅ የሚሸጠው እንቁላል በሽቦ ሳጥን (ኬጅ) ካልታሰሩ ዶሮዎች ብቻ ይሁን ብላለች፤ ሕጉን አልቃወምም፣ ግን እጥረት ሲመጣ ከየትም አምጥቶ መሙላት አይቻልም። ለአለቃህም ልሟገትለት፦ ዋፍል ሃውስ የሚባለው ትልቁ የቁርስ ቤት እንኳ ያን ሰሞን በአንድ እንቁላል 50 ሳንቲም ጨምሮ ነበር። ለንዴተኛው ደንበኛ ግን ቡና ሙላለትና ዝም በል።

ጥያቄ፦ እኔ እስራኤል፣ ነታንያ ነኝ። በ2020 ለፔሳሕ (ለአይሁድ ፋሲካ) እዚህም እንቁላል ጠፍቶ ነበር፣ ዋጋው ግን ንቅንቅ አላለም። ለምን?

መልስ፦ እስራኤል ውስጥ የእንቁላልን ዋጋ የሚቆርጠው መንግሥት ስለሆነ ነው። ዋጋው ካልወጣ ወረፋው ይወጣል። ፔሳሕ ላይ ዳቦ ስለማይበላ ቀድሞም የእንቁላል ፍጆታ ይጨምራል፣ በዚያ ላይ ሁሉም ቤቱ ተዘግቶበት ነበር። የአገሬው ዶሮ አልበቃ ሲል ከውጭ አስመጡ። የትኛው ይሻላል ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፤ ገንዘብ ያለው ዋጋን ይመርጣል፣ ጊዜ ያለው ወረፋን።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለፋሲካ ዶሮዬ 12 እንቁላል መቼ ልግዛ? ቀድሜ ብገዛ ይበላሻል፣ ብዘገይ ያልቃል።

መልስ፦ ሁለት ሳምንት ቀድመው ይግዙ። ፍሪጅ ውስጥ ከነቅርፊቱ ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ይቆያል። በር ላይ ሳይሆን ውስጥ ያስቀምጡት። የተረፈ ካለ ሰብረው፣ አስኳሉንና ነጩን መትተው ፍሪዘር ይክተቱት፤ ከነቅርፊቱ ከከተቱት ይፈነዳል። ለዶሮ ወጥ ደግሞ የዛሬ እንቁላል አይመከርም። ትኩሱን ቀቅለው ሲልጡት ነጩ ከቅርፊቱ ጋር እየተቦጨቀ ይነሳል፣ ለእንግዳ የሚቀርብ መልክ አይኖረውም። ሁለት ሳምንት የቆየው እንደ ሙዝ ነው የሚላጠው።