«ዴር» ማለት መድፈር ብቻ ነው? ጥያቄና መልስ

ስለ እንግሊዝኛው «ዴር» የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። እነሆ መልሱ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በአንድ የአማርኛ ቃል ቢነግሩን?

መልስ፦ ደፈረ። ግን ተጠንቀቁ፣ የእኛው «ደፈረ» ሸክሙ ከባድ ነው። ሕግም ይደፈራል፣ ድንበርም ይደፈራል፣ ሴት ስትደፈርም ቃሉ ያው ነው። ዴር እዚያ ድረስ አይሄድም። «አይ ዴርድ ሀር» የሚለውን «ደፈርኳት» ብሎ የተረጎመ ሰው ጣጣ ውስጥ ይገባል። «የምትችይ ከሆነ እስቲ አድርጊው አልኳት» ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ፈተና ላይ «ሂ ዴር ኖት ጎ» ብዬ ብጽፍ አስተማሪው «ኤስ የለውም» ብሎ ነጥብ ቀነሰብኝ።

መልስ፦ ሂድና አስመልስ። በጥንቱ እንግሊዝኛ ግሱ «ዱራን» ነበር። ዛሬ ለአሁን ጊዜ የምንጠቀምበት መልክ ከዚያም በፊት ያለፈ ጊዜ ነበር፤ ቀስ በቀስ ነው ወደ አሁን የዞረው። ያለፈ ጊዜ ደግሞ ኤስ አያውቅም። ካን፣ ሜይና ሻልም የዚሁ ቤት ልጆች ናቸው። «ሂ ካንስ» ሲባል ሰምተህ ታውቃለህ? ኋላ ላይ ግን ዴር እንደ ተራ ግስም መሄድ ጀመረ። ስለዚህ «ሂ ዴርስ ቱ ጎ» ብትልም ልክ ነህ። ኤስ የሌለው በአብዛኛው ከአሉታና ከጥያቄ ጋር ነው የሚመጣው።

ጥያቄ፦ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ደርስት» የሚል አየሁ። ምንድን ነው?

መልስ፦ የዴር የድሮ ኃላፊ ጊዜ። እ.ኤ.አ. በ1611 በታተመው የኪንግ ጄምስ ትርጉም፣ የማቴዎስ ምዕራፍ 22 የመጨረሻ ቁጥር ላይ አለ። የአማርኛውን ገልጠህ አስተያየው፤ «አልደፈረም» ይላል። ዛሬ ቦታውን «ዴርድ» ወስዶበታል።

ጥያቄ፦ «ውድ» ከሚለው ዲር ጋር ይዛመዳል?

መልስ፦ አይዛመድም። ድምፁ ነው ያሳሳተሽ።

ጥያቄ፦ እዚህ ዱባይ ማዳሜ «ሃው ዴር ዩ!» አለችኝ። ስድብ ነው?

መልስ፦ ስድብ እንኳ አይደለም፣ ቁጣ ነው። «እንዴት ብትደፍሪ ነው!» እንደማለት። አይዞሽ እህቴ። በነገራችን ላይ እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። የዴር ዘመድ በግሪክኛም አለ፤ አንዱ መልኩ «ታርሶስ» ወኔ ሲሆን፣ ወንድሙ «ትራሶስ» ደግሞ ዓይን አውጣነት ነው። ከአንድ ሥር ሁለቱም በቀሉ። እኛስ? ወታደሩን «ደፋር ነው» ብለን እናወድሳለን። ልጅቷ ለአክስቷ መልስ ስትመልስ ደግሞ «ኧረ ይቺ ደፋር!» እንላለን። በግሪክኛ ሁለት ቃል የሆነውን እኛ በድምፃችን ቃና እንለየዋለን።

ጥያቄ፦ «አይ ዴር ሴይ»ስ?

መልስ፦ እዚህ ውስጥ ድፍረት የለም፣ ተንኗል። «ሳይሆን አይቀርም» በለው።

ጥያቄ፦ «አይ ዴር ዩ»ን ለልጄ እንዴት ላስረዳው?

መልስ፦ እኛ ሰፈር ሁለት ልጆች ሲፋጠጡ ሦስተኛው አፈር በሁለት ቦታ ይቆልላል። «ይሄ የእናትህ ጡት ነው፣ ያኛው የእሱ። እስቲ ናድበት!» ይላል። ዙሪያውን የቆመው ሁሉ ትንፋሹን ይውጣል። ያ ልጅ ያለው በሙሉ «አይ ዴር ዩ» ነው። እኔ አንድ ጊዜ ንጄ ጥርሴ ተነቃንቋል።