ልጁ ባሕር ዳር፣ ወላጁ ባሕር ማዶ

ይህን የምጽፈው ልጃቸውን ለአያት ወይም ለአክስት ትተው በሰው ሀገር ለሚሠሩ እናቶችና አባቶች ነው። ልጃችሁ ዘንድሮ ወይም በመጪው ዓመት ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚቀመጥ ከሆነ ጥቂት ታገሡኝ። እኔና ልጄ ያየነውን እናንተ እንድታዩት አልፈልግም።

ፍራንክፈርት ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ 16 ዓመት ሠርቻለሁ። ወንድ ልጄን ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ፣ እናቴ ዘንድ ትቼው ስወጣ አራት ዓመቱ ነበር። እናቴን «እማዬ» እያለ አደገ፤ እኔን የሚጠራኝ በስሜ ነው። በየወሩ ገንዘብ እልካለሁ፣ በየሳምንቱ እደውላለሁ፣ ስደውልም ከክፍሉ ስንተኛ እንደወጣ እጠይቃለሁ። ከአንድ እስከ አምስት ካለው ወርዶ አያውቅም ነበር። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ መግባቱን አንድም ቀን አልተጠራጠርኩም፤ ለሥራ ባልደረቦቼ «ልጄ ሐኪም ሊሆን ነው» ብዬ ጨርሻለሁ።

ፈተናውን የወሰደው በ2015 ሐምሌ ነው። በክልላችን ግጭቱ የተቀሰቀሰውም በዚያው ሰሞን ስለነበር ብዙም ሳይቆይ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። በ2016 መስከረም መጨረሻ ውጤቱ ሲለቀቅ ልጄ ከባሕር ዳር ሆኖ ድረ ገጹን መክፈት አልቻለም፤ በመደበኛ ስልክ ጥሪ ወደ እኔ ደወለ። የማታ ተረኛ ነበርኩ። ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁና የመለያ ቁጥሩን ባዶ የጓንት ካርቶን ላይ ጻፍኩ። አንድ በአንድ እየለየ ነበር የሚነግረኝ፤ ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። ድረ ገጹ ተጨናንቆ እምቢ አለ። አምስት ስድስት ጊዜ ሞከርኩ። እሱ መስመር ላይ ሆኖ ይጠብቃል፤ ከጀርባው የእናቴ የጸሎት ድምፅ ይሰማኛል። ሲከፈት ዓይኔ ድምሩ ላይ ዐረፈ። 41 በመቶ።

ዝም አልኩ። ዝምታዬ ነግሮታል። እዚያ ላይ ባቆም ምንኛ መልካም ነበር። «ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ዓመት የሰው ገላ ሳጥብ የኖርኩት?» አልኩት። ምንም አልመለሰም፤ ስልኩ ተዘጋ።

በሁለተኛው ቀን እናቴ ደወለች። «ልጁ እህል አልቀመሰም» አለችኝ። «ውጤቱን ያየሽው አንቺ ነሽ። መብራት ሲጠፋ ጧፍ ለኩሶ ሲያነብ እያየሁ የነጋብኝ ግን እኔ ነኝ። ከእንግዲህ እንዲህ የምትናገሪው ከሆነ አትደውዪ።» እናቴ በሕይወቷ እንዲህ ተቆጥታኝ አታውቅም።

ከዚያ በኋላ ነው ማወቅ የነበረብኝን ነገር መጠየቅ የጀመርኩት። በዚያ ዓመት ፈተናውን ከወሰዱት ወደ 845 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶው ብቻ ናቸው። ከመቶ ልጆች 97ቱ ወድቀዋል ማለት ነው፤ እኔ ግን ልጄን ብቻውን የወደቀ አስመስዬ ፈረድኩበት። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ። በ2014 ያለፉት 3.3 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ናቸው። ከፍ እያለ ነው፤ ቢሆንም በ2017 እንኳ ከአሥር ልጆች አንዱ አላለፈም። ደግሞ የልጄን ዘመን ቁጠሩት። 9ኛ ክፍል ሳለ፣ በ2012 መጋቢት፣ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ። ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። ፈተናው የሚያወጣው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ካለው ትምህርት ነው፤ የተዘለለው ምዕራፍ ሁሉ እዚያ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል።

ከ2014 በፊት ከሀገር የወጣ ሰው የሚያውቀው ፈተና ይህ አይደለም። ያን ጊዜ ልጁ በትምህርት ቤቱ፣ ከጓደኞቹ ጋር ነበር የሚፈተነው፤ መልስ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ከ2014 ጀምሮ ተማሪው አንሶላና ብርድ ልብሱን ይዞ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ይገባል፣ ዶርም ያድራል፣ እስኪጨርስ አይወጣም። የዩኒቨርሲቲ መግቢያው ግማሽ ነው፤ 50 በመቶ። እናንተ «እኛም ተፈትነን አልፈናል» ስትሉት ልጁ አክብሮ ዝም ይላችኋል እንጂ እየተናገራችሁ ያላችሁት ስለ ሌላ ፈተና ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ እኛ ውጭ ያለን ሰዎች መጀመሪያ የምናስበው እሱን ስለሆነ። እኔ ከሌላው ጊዜ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የላክሁት 12ኛ ክፍል ሲደርስ ነው። በዚያ ላይ «ጠንክሮ ያጥና» ብዬ ውድ ስልክ ገዝቼ ላክሁለት። ስልኩ ሌሊቱን በላው፤ እናቴ ደግሞ ስልክ ላይ ማጥናቱንና መጫወቱን መለየት አትችልም። ዛሬ ቢሆን ያንን ገንዘብ 9ኛ ክፍል ላይ አውለው ነበር፣ እሱንም ለሁለት ነገር ብቻ፦ ለሒሳብና ለእንግሊዝኛ። እንግሊዝኛው የከበደው ልጅ ባዮሎጂውን ቢያውቅም ጥያቄውን አይረዳውም። የእኔ ልጅ ይህን የነገረኝ ከወደቀ በኋላ ነው፤ «ብዙውን ሁለት ሁለት ጊዜ እያነበብኩ ሰዓት አለቀብኝ» አለኝ። ባሕር ዳር ደግሞ አስጠኚ አይቸግርም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች፣ ፔዳም ፖሊም የሚማሩ ጎበዝ ተማሪዎች ቤት ለቤት እየሄዱ ያስጠናሉ፤ ገንዘቡ እነሱንም ይደግፋቸዋል። አስጠኚውን ስትመርጡ ልጁን አማክሩት፤ ያላመነውን ሰው አይጠይቅም።

ከላክኋቸው ዕቃዎች ሁሉ የጠቀመው አንድ በፀሐይ የሚሞላ የጠረጴዛ መብራት ነው። እሱንም የላክሁት ዘግይቼ፣ ከእናቴ ቁጣ በኋላ ነው። ሁለተኛ ልላክ የምትሉ ካላችሁ ያገለገለ ላፕቶፕ ላኩ። ከ2016 ወዲህ ከተፈታኞች የተወሰኑት በኮምፒውተር እየተፈተኑ ነው፤ ማውዝ ይዞ የማያውቅ ልጅ እዚያ ወንበር ላይ ሊለማመድ አይገባም።

አንድ የማፍርበትን ነገር ልንገራችሁ። ከውጤቱ በኋላ በዘመድ በኩል «ሰው አለኝ፤ ምደባ አስወጣለታለሁ» ከሚል ሰው ጋር ተገናኘሁ። 20 ሺህ ብር ላክሁ። ሰውየው ስልኩን ዘጋ፤ እስከ ዛሬ ዘግቷል። ከገንዘቡ በላይ የሚያንገበግበኝ ልጄ መስማቱ ነው። እናቱ በእሱ እንደማትተማመን ከዚህ በላይ በምን ልነግረው እችላለሁ? ምደባውን የሚሠራው ትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ በልጁ ውጤትና በምርጫው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ደግሞ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። በመካከል ገብቶ ቦታ የሚሸጥላችሁ ሰው የለም። ቴሌግራም ላይ «ፈተናው በእጃችን ነው» የሚሉትንም ከዚሁ ቁጠሯቸው። እናንተ ዩሮና ዶላር ስለምታገኙ መጀመሪያ የሚፈልጉት እናንተን ነው።

ልጄ የዳነው በረሜዲያል ነው። ብዙ ወላጅ ይህን ቃል ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል፤ የእኔም ጠቁሮ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ 50 በመቶ ያላመጡ ነገር ግን ለዚሁ የተቀመጠውን መቁረጫ ነጥብ ያሟሉ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ወራት የሚፈጅ የማካካሻ ትምህርት ይማራሉ፤ በመጨረሻ ተፈትነው የሚያልፉት አንደኛ ዓመት ይገባሉ። ከ2015 ጀምሮ እንዲህ ነው የሚሠራው። መቁረጫ ነጥቡ በየዓመቱ ይለያያል፤ ስለዚህ የአምናውን ይዛችሁ ልጁን አታስጨንቁት። እሱም ያልሆነለት በግል ተመዝግቦ እንደገና መፈተን ይችላል፤ የቴክኒክና ሙያ ትምህርትም አለ፣ ባሕር ዳር ውስጥ እጁ የሠለጠነ ሰው ሥራ አያጣም።

የእኔን ልጅ ከባሕር ዳር ራቅ ያለ ዩኒቨርሲቲ መደቡት። እናቴ በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥራ፣ ብርድ ልብሱን በገመድ አስራ ሸኘችው። እኔ እዚያ ሆኜ «ለምን ባሕር ዳር አልደረሰውም?» እያልኩ ስብሰለሰል አንዲት የማከብራት መምህርት መለሰችልኝ፤ የአንደኛ ዓመት ኮርሱ በሁሉም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተመሳሳይ ነው፣ የትምህርት ክፍል ምርጫ የሚወሰነው በአንደኛ ዓመት በሚያመጣው ውጤት ነው። ስለዚህ ልጁ የሚያስፈልገው የግቢው ስም ሳይሆን ያንን ዓመት በሰላም ማንበብ ነበር። ሕክምና ይግባልኝ ያልኩትም በዚያው ቀረ። አሁን ሁለተኛ ዓመት ነው፤ ሲቪል ምህንድስና መርጧል። ወጪ መጋራት ፈርሞ ነው የሚማረው፤ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይከፍላል። እኔ የምልክለት ለኪስና ለመጻሕፍት ኮፒ ብቻ ነው።

ስልኩን እንዴት እንደምንደውልም መማር አለብን። እኔ ተምሬያለሁ። «ስንት አመጣህ?» የሚለውን ከአፌ አወጣሁት። በምትኩ «በዚህ ሳምንት የትኛው ከበደህ?» እላለሁ። መጀመሪያ ላይ አላመነኝም፤ «ምንም አልከበደኝም» ይለኝ ነበር። ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ አንድ ቀን «ካልኩለስ» አለኝ። እንባዬ መጣ። ልጄ በ19 ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የከበደውን ነገር ነገረኝ። የእኔን ድካም አንስቼም አልወቅሰውም። ልጆቻችን የት እንደምንሠራ፣ እንዴት እንደምናድር ያውቃሉ፤ አያታቸው ሌት ተቀን ትነግራቸዋለች። ያንን ተሸክመው ነው ፈተና ክፍል የሚገቡት፤ እኛ ደግሞ ልንጨምርበት አይገባም። እባካችሁ ጀርመን ወይም አሜሪካ ተወልዶ ካደገው የአክስቱ ልጅ ጋርም አታወዳድሩት።

በ2017 ጠቅልዬ ተመለስኩ። በዚያው ክረምት የታላቅ ወንድሜ ልጅ ተፈታኝ ነበረች፤ አባቷ ሪያድ ነው የሚሠራው። ከፈተናው በፊት በነበሩት ሳምንታት አብሬያት ወደ ጣና ዳር እየወረድኩ ተቀመጥኩ። ጠዋት ጠዋት ዳርቻው በተማሪ ይሞላል፤ ከዋርካው ሥር ደብተር ዘርግተው፣ አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ሲመልስ። ውኃው በክረምት ደፍርሶ ቡና መስሏል። እሷ ስታነብ እኔ ዝም ብዬ አጠገቧ እሆናለሁ፤ ለልጄ ያላደረግሁትን ነው የማደርገው።

የመግቢያው ቀን በባጃጅ እስከ ግቢው በር ሸኘኋት። መንገድ ላይ አባቷ አራት ጊዜ ደወለ። «ብርድ ልብስ ያዝሽ? መታወቂያሽስ? ሒሳቡን እንዳትረሺ፣ ከከባዱ አትጀምሪ፣ ስምሽን በትክክል ጻፊ።» «እሺ አባዬ» ትላለች፤ እጇ ግን ይንቀጠቀጣል። ስልክ ይዞ መግባት ስለማይቻል ለእኔ ሰጥታኝ፣ ጉንጬን ሳመችኝና ፍተሻው ሰልፍ ውስጥ ገባች። ከዓይኔ ሳትጠፋ ስልኩ እጄ ላይ ጮኸ።

«ወንድምዓለም፣ ገብታለች» አልኩት።

«አንድ ነገር ረስቼ ነበር እኮ፣ ልነግራት...»

«ስትወጣ ትነግራታለህ።»

ዝም አለ። ከዚያ «ምን ልላክ ታዲያ?» አለኝ።

«ምንም አትላክ። ስትወጣ እኔ ስልኩን ይዤ በሩ ላይ እቆማለሁ። ያን ጊዜ ደውል፤ ስለ ፈተናው ግን እሷ ካላነሣች አትጠይቃት።»

በወጣች ዕለት ፊቷ ከስቶ፣ ፀጉሯ አቧራ ለብሶ ነበር። ባጃጅ ውስጥ እንደገባን ስልኩ ጠራ፤ ሰጠኋት። አባቷ በመጀመሪያ የጠየቃት ዶርም ውስጥ ከነማን ጋር እንዳደረች ነው። ከደባርቅ የመጣች አንዲት ልጅ ማታ ማታ ስታስቃቸው እንደነበር መናገር ጀመረች፤ ሽምብጥ ደርሰን ሒሳብ ስከፍል ገና እየነገረችው ነበር።