«መጀመሪያ ስፔኩለም»፦ የማህፀን ካንሰር ስፔሻሊስት ለመሆን ላሰባችሁ፣ ጥያቄና መልስ

የድሬና የሐረር ሐኪሞች፣ ነርሶችና ኢንተርኖች ባለንበት የቴሌግራም ግሩፕ ቅዳሜ ማታ የጥያቄ ሰዓት ነው። የዚህ ሳምንት መላሽ ድሬ ተወልዳ ያደገች የጋይኒ ኦንኮሎጂ ስፔሻሊስት ናት። ስሜ ይቅር ስላለች «ዶክተር» ብለናታል። የፊደል ግድፈት ከማረም በቀር የተባለው እንዳለ ነው።

ዶክተር፦ ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር። አንደኛ፣ «እርስዎ» አትበሉኝ። የከዚራ ልጅ አንቱ ሲባል ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንደቆመ ነው የሚያየው። ሁለተኛ፣ «ስለ ካንሰር ንገሪን» የሚል ጥያቄ አልመልስም።

ሬዚደንት ሁለተኛ ዓመት፦ ከጠቅላላ ሐኪምነት ተነስቶ እዚህ ለመድረስ ስንት ዓመት ይፈጃል?

ዶክተር፦ የማህፀንና ጽንስ ሬዚደንሲ፣ ስፔሻሊስት የሚያደርግህ ሥልጠና፣ 4 ዓመት። ከዚያ ፌሎሺፕ፣ ከስፔሻሊስትነት በላይ ያለው ሥልጠና። ዓለም አቀፉ የማህፀን ካንሰር ማኅበር፣ አይ ጂ ሲ ኤስ የምንለው፣ መደበኛ ሥልጠና በሌለባቸው አገሮች የሚያካሂደው ፕሮግራም 2 ዓመት ነው። ሰልጣኙ እዚያው አገሩ እየሠራ ይማራል። አስተማሪ ከውጭ ይመጣለታል፣ በየወሩ ታካሚዎቹን በቪዲዮ ያቀርባል፣ መጨረሻ ላይ ይፈተናል። የሠራኸው የሚመዘገብበት ሎግ ቡክህ ባዶ ከሆነ ግን 2ቱን ዓመት 5 ብታደርገውም ዋጋ የለውም።

ሳቢያን ነኝ፦ ፌሎው ቀኑን ሙሉ ኦ አር (ቀዶ ሕክምና ክፍል) ነው የሚውለው?

ዶክተር፦ ሁሉም እንደዚያ ይመስለዋል። ኬሞ ታዛለህ፣ ጨረር ክፍል ትቀመጣለህ፣ ናሙና የሚመረመርበት ፓቶሎጂ ሄደህ ስላይድ ታያለህ፣ አንጀት መስፋት ከሰርጀሪ ሰዎች ትማራለህ። ሞርፊን ማዘዝም ሥራህ ነው። እሱን የሚፈራ ሰው ይህን ሙያ አይግባ።

ኦ አር ውስጥ ግን ያለ ማጋነን መጀመሪያ የምትማረው ዩሬተርን ማግኘት ነው። ከኩላሊት ሽንት የምታወርደዋ ቱቦ። የማህፀን ደም ቧንቧ ከላይዋ ያልፋል፤ ከማህፀን በር ያላት ርቀት 2 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ደም ሲፈስና ሁሉም ቀይ ሲሆን ሁለቱ አይለዩም። በፒንሴት ቀስ አድርገህ ነካ ስታደርጋት እንደ ትል ትኮማተራለች። ደም ቧንቧ እንደዚያ አይልም። ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ሳገኛት ሲኒየሬ «አሁን እጅሽን አንሺና እያት» አለኝ። ለደቂቃ ያህል ቆመን አየናት። ራዲካል ሂስተሬክቶሚ ማለት እሷን ከዋሻዋ ሳይጎዱ አውጥቶ፣ በማህፀኑ ግራና ቀኝ ያለውን ሥጋ አብሮ ማንሳት ነው። ማህፀኑን ብቻ የሚያወጣው ተራው ሂስተሬክቶሚ ይህን አያደርግም። ልዩነቱን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

መጋላ 07፦ ሰላም ዶክተር፣ ለመሆኑ ስንት ዓመት ይፈጃል?

ዶክተር፦ ከላይ ተመልሷል።

አቦ ተወኝ፦ ደመወዙስ?

ዶክተር፦ ለእሱ ከሆነ ሱቅ ክፈት። ቀጥል።

ጤና ጣቢያ ያለሁ ጂፒ፦ ፌሎሺፕ ገና ሩቅ ነው። ከወዲሁ ምን ልለማመድ?

ዶክተር፦ ጎሽ! ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። ስፔኩለም፣ የማህፀን በር የሚያሳይህን መክፈቻ መሣሪያ፣ አስገባ። የምትደማ ሴት ስትመጣ የማህፀን በሯን በዓይንህ ሳታይ አልትራሳውንድ አትጻፍ፣ ኪኒን አትስጥ፣ ሪፈርም አትበል።

ለምን እንደምጮህ ልንገርህ። አንዲት እናት ለአንድ ዓመት ያህል ደማች። ስሙን በማልጠራው ቦታ አልትራሳውንድ ታየላት፣ «ማዮማ ነው»፣ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ነው፣ ተባለ፣ ማህፀኗ ወጣ። በሩን ያየ ሰው አልነበረም። ልጇ ከኦ አር የወጣውን ማህፀን ለምርመራ ይዞት መጣ። በባዶ ሃይላንድ። ጠባቡ አፍ አላስገባ ስላለ ጠርሙሱ በምላጭ ተቀዶ፣ በፕላስተር ተለጥፏል። ናሙና እንዳይበሰብስ የሚያደርገው ፎርማሊን ጠፍቶ ነው መሰል በግሉኮስ ውሃ ዘፍዝፈውታል። መክፈት አላስፈለገኝም፤ ሽታው ነገረኝ። ፓቶሎጂው የሚያነበው ነገር አልቀረውም። እሷ ራሷ በ3ኛ ወሯ ተመልሳ መጣች። ካንሰሩ የማህፀን በር ላይ ነበር፤ ተራው ሂስተሬክቶሚ መሀሉን ቆርጦ ዳሩን ትቶታል።

ስለዚህ፦ ስፔኩለም። የሚያጠራጥር ነገር ካለ ባዮፕሲ፣ ቁራሽ ወስደህ ለምርመራ መላክ። ከሰውነት የወጣ ሁሉ ሰፊ አፍ ባለው ዕቃ፣ 10 በመቶ ፎርማሊን፣ መጠኑም የናሙናው 10 እጥፍ። ሳላይን አይደለም፣ ግሉኮስ አይደለም፣ አልኮልም አይደለም።

ሳቢያን ነኝ፦ ካንሰር ሆኖ ከተገኘስ ያው መቁረጥ አይደል መጨረሻው?

ዶክተር፦ አይደለም። ዕጢው 4 ሳንቲ ሜትር ከሞላ ወይም ከበሩ አልፎ ወደ ጎን ከሄደ ዋናው ሕክምና ጨረር ከሲስፕላቲን፣ ከኬሞ መድኃኒቱ፣ ጋር ነው። በፈረንጆቹ ከ1999 ጀምሮ የተጻፈ ነው፣ አዲስ ነገር አይደለም። ከውጭ ከሚሰጠው ጨረር ሌላ ብራኪቴራፒ የሚባል የውስጥ ጨረር አለ። ያለ እሱ ሕክምናው ጎዶሎ ነው። ሁሉም በ8 ሳምንት ውስጥ ማለቅ አለበት። የውስጥ ጨረሩ ዘንግ የሚቀመጠው የት ይመስልሃል? ማህፀን ውስጥ። አንተ ደግሞ አውጥተህ በሃይላንድ ልከኸዋል።

ለገሃሬ፦ ይቅርታ ግን ዛሬም ሆድ ከፍተን? ህንድ ሄጄ አይቻለሁ፣ ሁሉም በላፓራስኮፒ፣ በትንንሽ ቀዳዳ በካሜራ፣ ነው። እኛ ጋ ኋላ ቀርነት ነው የሚሰበከው።

የጀጎል ልጅ፦ ልክ ነው። ፌሎሺፕ ላፓራስኮፒ ካላስተማረ ምኑን ተማርን?

ኢንተርን ነኝ፦ ሮቦትም አለ አሉ።

ለገሃሬ፦ ሮቦቱን ተወው አቦ፣ መጀመሪያ መብራት ይኑር።

ዶክተር፦ ቆይ ቆይ። ላክ የሚባለውን ጥናት ያነበባችሁ እጅ አውጡ። የለም? እሺ። በፈረንጆቹ 2018 ወጣ። በመጀመሪያ ደረጃ ያለ የማህፀን በር ካንሰር ያለባቸውን ሴቶች በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሹ በክፍት፣ ግማሹ በላፓራስኮፒ ወይም በሮቦት ራዲካል ሂስተሬክቶሚ ተሠራላቸው። 4 ዓመት ተኩል ላይ በሽታው ሳይመለስባቸው የቆዩት በክፍቱ 96.5 በመቶ፣ በሌላው 86 በመቶ ነበሩ። በላፓራስኮፒው በኩል የሞተውም በልጧል። ለዚህ ካንሰር ክፍት ሆድ ይሻላል ማለት ነው። ለማህፀን ግድግዳ ካንሰር ሌላ ነው፣ እዚያ ላፓራስኮፒ ጥሩ ነው። የትኛውን ለየትኛው እንደሆነ ማወቅ ነው ፌሎሺፕ። ህንድ የሚሠራውን እኔም በቪዲዮ አይቻለሁ፣ ያምራል።

በፈረንጆቹ 2024 ደግሞ ሼፕ የሚባል ጥናት መጣ። ዕጢው ከ2 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥና ብዙም ያልጠለቀ ከሆነ ተራው ሂስተሬክቶሚ ከራዲካሉ እኩል ይበቃል አለ። ይህን ሰምታችሁ ነገ ሁሉንም በተራው እንዳትሠሩ! እነዚያ ሴቶች ባዮፕሲ የተደረገላቸው፣ ዕጢያቸው የተለካ ናቸው። አሁንም ስፔኩለም።

የጀጎል ልጅ፦ እንግዲህ የካንሰር ነገር ሁሉ ሐረር ይሁን፣ ዩኒቨርሲቲው እዚህ ነው።

መጋላ 07፦ ለምን? ባቡሩም አውሮፕላኑም ድሬ ነው። ከሱማሌ ክልል የሚመጣ ታካሚ የደንገጎን ዳገት ይውጣ?

የጀጎል ልጅ፦ በዚያ ሙቀት ኬሞ ትወስድ?

አቦ ተወኝ፦ ሐረር ውሃ አለ እንዴ?

ዶክተር፦ ይህን ጠብ አያቴም ያውቁታል። 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ሚኒባስ አለ። ለረጅም ዓመታት ጨረር ያለው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ከዚህ የሄደች ሴት ዘመድ ቤት ተጠግታ ወረፋ ትጠብቅ ነበር። እሱን ያየ ሰው ለደንገጎ አይጣላም። ቀጣይ።

ነርስ፦ የማህፀን በር ካንሰር (የኤች ፒ ቪ ቫይረስ) ክትባቱ መሃን ያደርጋል የሚሉ ወላጆች ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው ልጆቻቸውን ይወስዳሉ። ምን እንበላቸው?

ዶክተር፦ አያደርግም። እንዲያውም ተቃራኒውን ንገሪያቸው፤ ማህፀን የሚያሳጣው ካንሰሩ ነው። እኛ ጋ በፈረንጆቹ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ለ14 ዓመት ሴት ልጆች ሲሰጥ ቆይቷል። 16 እና 18 የሚባሉት የቫይረሱ ዓይነቶች ብቻቸውን 70 በመቶ ያህሉን የማህፀን በር ካንሰር ያመጣሉ፤ ክትባቱ እነሱን ይከላከላል። ከተቻለ የተከተበች ልጅ ያለቻት እናት ታናግራቸው። ከእኔና ከአንቺ ይልቅ እሷን ይሰማሉ።

ኢንተርን ነኝ፦ ይህ ሙያ አያሳዝንም? ሁሉም የሚሞት ይመስለኛል።

ዶክተር፦ ኮሪዮካርሲኖማን አንብብ፣ ከእርግዝና የሚነሳውን ካንሰር። ሳንባ ድረስ ሄዶ በኬሞ ይድናል። ከዚያ ታረግዛለች፣ ትወልዳለች፣ ልጁን አዝላ መጥታ ታሳይሃለች።

አዲስ ገባሁ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ስንት ዓመት ነው የሚፈጀው?

ለገሃሬ፦ 😂

ዶክተር፦ አንዱ ይንገረው።

የአክስቴ ነገር፦ ይቅርታ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ወንድሜ ነው ያስገባኝ። አክስቴ 58 ዓመቷ ነው። የወር አበባዋ ከቆመ ቆይቷል፣ አሁን ደም ታያለች። ትንሽ ነው ትላለች። ምን ትዋጥ?

ዶክተር፦ ምንም አትዋጥ። በስልክ መድኃኒት አላዝም። ካረጡ በኋላ የሚታይ ደም ትንሽ የሚባል የለውም። ሰኞ አምጣት።

የአክስቴ ነገር፦ ታፍራለች እኮ። ወንድ ሐኪም ካየኝ አልሄድም ብላለች።

ዶክተር፦ ሴት ነኝ በላት። የድሬ ልጅ መሆኔንም ጨምርበት።

ለገሃሬ፦ ዶክተር፣ የላፓራስኮፒው ነገር ግን ላክ ላይ የሠሩት ሰዎች ልምድ...

ዶክተር፦ ይህ ክርክር ተደርጓል፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ አምጣው። ጥናቱን አንብበህ ና።

የአክስቴ ነገር፦ ዶክተር፣ እሺ ብላለች። በስንት ሰዓት? በባዶ ሆድ ነው?

ዶክተር፦ 2 ሰዓት። ቁርሷን በልታ ትምጣ።