ከአንጎል የደም ሥር ሕክምና በኋላ የታዩት ነጠብጣቦች

ጤና ይስጥልኝ፣

እናቴ 58 ዓመታቸው ነው። አንጎላቸው ውስጥ ያልፈነዳ የደም ሥር እብጠት (አንዩሪዝም) ተገኝቶባቸው ከወር ተኩል በፊት ሕንድ ሄደው በብሽሽት በገባ ቱቦ ስቴንት (የደም ሥሩን ከውስጥ የሚደግፍ መረብ) እና ኮይል (እብጠቱን የሚሞላ ቀጭን ጥምጥም ሽቦ) ተደረገላቸው። በማግሥቱ የተነሡት ኤምአርአይ «በርካታ አዳዲስ ጥቃቅን የደም እጥረት ነጠብጣቦች» ይላል። ያወራሉ፣ ይራመዳሉ፤ ቤተሰቡ ግን «አንጎላቸው ተነካ» ብሎ ተጨንቋል። ደም እንዳይረጋ የታዘዙላቸው አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል ቆዳቸውን ስላበለዙት ክኒኑን ትተው ሸንኮራ ዮሐንስ ሁለት ሳምንት ጸበል ሊገቡ ነው። ለጨጓራም ኦሜፕራዞል ይወስዳሉ። ምን ይሻላል?

ከደብረ ብርሃን

መልስ፦

ከሁሉ አስቀድሞ ክኒኑ እንዳይቋረጥ። ስቴንት ብረት ነው፤ የደም ሥሩ የውስጥ ሽፋን እስኪያለብሰው ድረስ ደም ይረጋበታል። ይህ ወራት ስለሚፈጅ ሁለቱ መድኃኒቶች አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር አብረው ይሰጣሉ፤ ከዚያ አስፕሪኑ ብቻውን ይቀጥላል። ክሎፒዶግሬል ከተቋረጠ ከ5 እስከ 7 ቀን ውስጥ ጉልበቱ ያልቃል። ስለዚህ ሁለተኛውን የጸበል ሳምንት ስቴንቱ ያለ መከላከያ ያሳልፋል፤ ያኔ የሚመጣው ስትሮክ እጅና አንደበት ሊወስድ ይችላል። ጸበል ይግቡ፣ ክኒኑም አብሯቸው ይግባ። አስፕሪኑን ምግብ ከቀመሱ በኋላ ይዋጡት፤ ክሎፒዶግሬሉ በባዶ ሆድም ይሆናል።

ነጠብጣቦቹን በተመለከተ ዋናው ጥያቄ መቼ ታዩ የሚለው ነው። በማግሥቱ የታየው ከቱቦው ወይም ከኮይሉ ላይ የተነሣ ጥቃቅን የረጋ ደም፣ አንዳንዴም የአየር አረፋ፣ ቀጭን ሥር ዘግቶ የተወው ነው። በቱቦ ከታከሙት ሰዎች ግማሽ በሚጠጉት ላይ ይታያል፤ አብዛኞቹ ምንም ምልክት አይሰማቸውም። የሕክምናው መክሸፍ ምልክት አይደለም።

ዘግይቶ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ የሚወጣው ግን ሌላ ነው። ቱቦዎቹ እንዲንሸራተቱ የተቀቡት ስስ ሽፋን ተልጦ አንጎል ውስጥ ሲቀር ሰውነት እንደ ባዕድ ነገር ይዋጋውና ዙሪያው ያብጣል። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2015 ስለ ሽፋኑ መላጥ አስጠንቅቋል። አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው፤ ሆኖም አዲስ ራስ ምታት፣ የአንድ ወገን ድካም ወይም የሚጥል ሕመም ከመጣ በማቅለሚያ የሚነሣ ኤምአርአይ ያስፈልጋል። ብዙውን ጊዜ በስቴሮይድ (እብጠትን በሚቀንስ መድኃኒት) ይሻለዋል፤ ስቴሮይዱም በአንድ ጊዜ አይቆምም፣ ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንሰዋል።

ኦሜፕራዞል ክሎፒዶግሬልን ያዳክማል፤ በሌላ የጨጓራ መድኃኒት፣ በፓንቶፕራዞል፣ እንዲተካላቸው ሐኪማቸውን ዛሬ ያነጋግሩ። ለራስ ምታት ፓራሲታሞል እንጂ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ አይውሰዱ፤ ደም ያፈስሳሉ። የቆዳ መበለዝ ይጠበቃል። ጥቁር ሰገራ፣ የደም ትውከት፣ ለ15 ደቂቃ ተጭነውት የማይቆም ነስር ግን ወደ ሆስፒታል ያስኬዳል።

አፋቸው ከተጣመመ፣ ክንዳቸው ከዛለ፣ ንግግራቸው ከተምታታ ወይም ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ከያዛቸው ሰዓቱን ጽፈው ወዲያው ሆስፒታል ያድርሷቸው፤ ተጨማሪ አስፕሪን አይስጧቸው። የስቴንቱን ካርድ፣ የመድኃኒቶቹን ስምና የኤምአርአዩን ሲዲ ጸበል ቤትም ቢሆን ይዘው ይሂዱ፤ አዲሱ ምስል ከሕንዱ ጋር ካልተነጻጸረ የቱ ነጠብጣብ አዲስ እንደሆነ ማንም አይለየውም።