ለሕግ ማስተርስ ገንዘብ ከየት?

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከለገጣፎ ነው። በፍርድ ቤት 3 ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲ ለኤልኤልኤም (ለሕግ ማስተርስ) ተቀብሎኛል፤ የምከፍለው ግን የለኝም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለዎት! ቀብድ ለመክፈል አይቸኩሉ፤ መጀመሪያ ቼቭኒንግን፣ ማለትም የእንግሊዝ መንግሥት የሚሰጠውን የትምህርት ዕድል፣ ይሞክሩ። የትምህርት ክፍያውን፣ የወር መተዳደሪያውንና የአውሮፕላን ትኬቱን ይሸፍናል። ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ ከሐምሌ መጨረሻ እስከ መስከረም መጨረሻ ነው። 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ የእርስዎ ከበቂ በላይ ነው። ሲጨርሱ ለ2 ዓመት አገር ቤት መመለስ ግዴታ ነው።

ድካምዎን ከማመልከቻው ጋር በሚጠየቀው ጽሑፍ ላይ ያውሉት። «ጥሩ መሪ ነኝ» ማለት ምንም አይነግራቸውም። የትኛውን የመዝገብ ክምችት፣ ከነማን ጋር፣ በምን አሠራር እንዳቃለሉ ይጻፉ።

በዘመድ ገንዘብ ለመሄድ ካሰቡ ይጠንቀቁ፦ ለቪዛው የሚፈለገው ገንዘብ 28 ተከታታይ ቀናት ባንክ መቆየት አለበት። ለአንድ ቀን እንኳ ከተወሰነው በታች ከወረደ ማመልከቻው ውድቅ ሊሆን ይችላል።