የስቅለት ስግደቴን ሳልጨርስ ቀረሁ፣ ኃጢአቴ አልተሰረየም ማለት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር እንዴት ሰነበቱ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎት። የምጽፍልዎት ከአዘዞ ነው። የስቅለት ዕለት ስሰግድ ውዬ ማታ ላይ ቄሱ ጀርባየን በወይራ መታ መታ አርገው ይሄን ያህል ስገጅ አሉኝ፣ እኔ ደግሞ ጉልበቴን ያመኛል፣ ግማሹን እንኳ ሳላደርስ ሕዝቡ ተበተነ እኔም ሄድኩ። ከዛ ወዲህ ልቤ አላረፈም፣ የፋሲካ ሌሊት ሰው ሲቆርብ እያየሁ ነጠላየን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ ወጣሁ። መስሪያ ቤት አብራኝ ያለች ፕሮቴስታንት ጓደኛየ ደግሞ ጌታ ተፈጸመ ብሎ የለ እንዴ፣ አንች ምን ልትጨምሪበት ነው ወገብሽ እስኪቆረጥ የምትሰግጅው አለችኝና መልስ አጣሁ። አንድ ነገር ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ይከብደኛል፣ አብ ቁጣው እንዲበርድለት ልጁን አስገደለ ማለት ነው ወይ? እንዲህ ብሎ ማሰብስ ኃጢአት ይሆንብኛል? የቀረኝን ስግደት አሁን ቤቴ ልጨርሰው?

መልስ፦ እታለም እንኳን አብሮ አደረሰን። መጠየቅሽ ኃጢአት አይደለም፣ ይሄን ጥያቄ በሆዱ ይዞ ያረጀ ስንት ሰው አለ መሰለሽ፣ አፍሮ ነው እንጂ።

ቶሎ ከሚመለሰው ልጀምር፣ የቀረሽን ስግደት አሁን አትስገጅው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው 50 ቀን በዓለ ሃምሳ ነው፣ ረቡዕና አርብ እንኳ አይጾምም፣ የንስሐ ስግደትም የለም። እስቲ ይሄን ነገር ልብ ብለሽ አስቢው፣ ስግደት የኃጢአት ዋጋ መክፈያ ቢሆን ኖሮ ቤተክርስቲያን 50 ቀን ሙሉ አትክፈሉ ብላ ትከለክለን ነበር? ሰው በሃምሳው ቀንም ይበድላል፣ በሃምሳው ቀንም ይሞታል እኮ። ስቅለት ላይ ወድቀን የምንነሳው ዋጋው ስለተከፈለልን ነው፣ በኛ ጉልበት እንዲከፈል አይደለም፣ ይሄ ከተለየልሽ ሌላው ሁሉ ይቀልሻል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። አብ ቁጣው እንዲበርድ ልጁን አስገደለ ወይ ላልሽው አይደለም፣ በፍጹም። እንደዛ አድርጎ የሚያስተምር ሰው ግን አለ፣ ሰምቻለሁ፣ እኔ የሚመስለኝ ሐሳቡ እኛ አገር ቶሎ ልብ ውስጥ የሚገባው የደም ነገር ስለምናውቅ ነው። በኛ አካባቢ ሰው ከተገደለ ደመኛ አለ፣ የሟች ወገን ደሙን ካልመለሰ ወይ ደግሞ ሽማግሌ ገብቶ ካሳ ተቆርጦ ደሙ ካልደረቀ በቀር እንቅልፍ የሚባል የለም። እግዚአብሔርንም እንዲህ ያለ ደመኛ አድርገን በልባችን እንስለዋለን፣ አዳም በደለው፣ እሱም ደም ካላየሁ አልበርድም አለ፣ ከዛ አዳምን ትቶ ንጹሑን ልጁን ወሰደ እንላለን። ይሄ የኛ ቂም ነው፣ አምጥተን እሱ ላይ የለጠፍነው። በእርቁ ጊዜ ካሳ የሚከፍለው ማነው? የገዳዩ ወገን ነው። የሟች አባት ከገዛ በረቱ ከብት ነድቶ ለልጁ ገዳይ ካሳ ሲሰጥ ያየ ሽማግሌ ካለ ይንገረኝ። መስቀል ላይ የሆነው ግን እሱ ነው፣ የበደለው ሰው ሆኖ ሳለ የካሰው የተበደለው እግዚአብሔር ነው። አባቶቻችን ሲያስተምሩ ደጋግመው የሚሉትም ይሄንኑ ነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባል የለ። ጌታም አልረሳም፣ ከሞት ከተነሳ በኋላ የተቸነከረ እጁንና የተወጋ ጎኑን እንደያዘ ነው ወደ ደቀ መዛሙርቱ የገባው፣ ጥለውት የሸሹት፣ ከዛም በሩን ዘግተው የተቀመጡት እነሱ ናቸው፣ አንዱማ ሦስት ጊዜ አላውቀውም ብሏል። ቁስሉን አሳያቸው፣ የተናገረው ግን ሰላም ለእናንተ ይሁን የሚል ነው (ዮሐ 20)። ደመኛ ቁስሉን ሲያሳይ እንዲህ አይናገርም።

ወልድ ተገዶ የሄደም እንዳይመስልሽ። ስለ ነፍሱ ሲናገር "እኔ በፈቃዴ አኖራታለሁ እንጂ ከእኔ ማንም አይወስዳትም" ብሏል (ዮሐ 10፥18)። አብም ዓለሙን ስለወደደ አንድያ ልጁን ሰጠ ነው የሚለው (ዮሐ 3፥16)፣ ስለተናደደ አይልም። የዕብራውያን መልእክት 9፥14 ላይ ደግሞ ክርስቶስ ራሱን በዘላለም መንፈስ እንዳቀረበ ይናገራል። ስለዚህ መስቀሉ ላይ አብ በአንድ ወገን ወልድ በሌላ ወገን ሆነው የተጣሉበት ነገር የለም፣ ፈቃዳቸው አንድ ነው። የእግዚአብሔር ቁጣ በመጽሐፍ የለም ማለቴ አይደለም፣ አለ፣ ግን በኃጢአት ላይ ነው፣ ሰውን ከሚገድለው ነገር ላይ፣ አብ በልጁ ላይ የሚያወርደው ንዴት አይደለም።

ይሄንን በዓይንሽ ማየት ከፈለግሽ እዛው ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተክርስቲያን ሂጅ። እዛ የገባ ሰው ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ ጣሪያው ላይ የተደረደሩትን የመላእክት ፊት ነው ፎቶ የሚያነሳው፣ አንች ጣሪያውን ተይውና ፊት ለፊት በምሥራቅ ያለውን የመቅደሱን ግድግዳ እይው። ከላይ ሥላሴ በሦስት ሽማግሌ አምሳል ተስለዋል፣ ሦስቱም መልካቸው አንድ፣ ልክ ከሥራቸው ደግሞ ስቅለቱ አለ። አንዱ ፊቱን አጥቁሮ ሌላው ተጨንቆ አይደለም የተሳሉት። እኔ ተማሪዎቼን ይዤ ስሄድ እዛ ሥዕል ፊት ነው ብዙ የማቆማቸው፣ ሰዓሊው ብሩሹን ይዞ የጻፈው ትምህርተ ሃይማኖት ነውና፣ እኔ ብዙ ተናግሬ የማላስረዳውን እሱ እዛች ግድግዳ ላይ አስቀምጦታል።

ታዲያ ዝም ብሎ ማርኩህ ብሎ አይተወውም ነበር ወይ ትይኝ ይሆናል። ይሄን የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ አትናቴዎስ በደንብ መልሶታል። ነገሩ ጥፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ንስሐ ይበቃ ነበር ይላል፣ ግን ሰው ከበደለ በኋላ ሞት ባሕርዩ ውስጥ ገባ፣ መበስበስ ያዘው፣ ይቅር ብየሃለሁ ቢባልም መሞቱ አይቀርም። ደግሞ ሞትን ትሞታለህ ያለው እግዚአብሔር ነው፣ ቃሉ አይታጠፍም፣ የፈጠረውንም ሰው ጠፍቶ ሲቀር ዝም ብሎ አያይም። ስለዚህ የማይሞተው ቃል፣ ወልድ ማለት ነው፣ ሊሞት የሚችል ሥጋ ከእመቤታችን ነሳ፣ በዛ ሥጋ የሁላችንን ሞት ሞተና ሞትን ራሱን እዛው ውስጡ ገብቶ ሻረው። የሞተው እንደኛ ዕሩቅ ብእሲ፣ ሰው ብቻ ማለት ነው፣ ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው ሞተ ተብሎ ይቀር ነበር፣ የሞተው ግን አምላክ ነው፣ በሥጋ። መለኮት ሞተ አንልም ልብ በይ፣ መለኮቱ ከሥጋውም ከነፍሱም ሳይለይ ሥጋው ወደ መቃብር ወረደ፣ በነፍሱ ደግሞ ሲኦል ወርዶ እነ አዳምን አወጣቸው። ቅዳሜ ጠዋት ካህናቱ ቀጤማውን የሚያድሉሽና አንችም ራስሽ ላይ የምታስሪው የዚህ ብሥራት ነው።

ጓደኛሽን በተመለከተ አትጣያት፣ መጀመሪያ እውነትሽን ነው በያት። ተፈጽሟል፣ የሚጨመርበት ነገር የለም፣ የኢየሱስ ክርስቶስን ሥጋ አንድ ጊዜ ፈጽሞ በማቅረብ ተቀድሰናል ይላል ዕብራውያን 10፥10። እኛም እሁድ እሁድ እንደ አዲስ የምናርደው በግ የለንም። ነገር ግን ተፈጸመ ያለው ጌታ በዋዜማው ይህን ለመታሰቢያየ አድርጉት ብሎ አዟል፣ ሁለቱን አብረሽ ያዥያቸው። ስግደቱን ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ አስታውሽው፣ የጌታን ሕማም የሚናገረው መጽሐፍ ግብረ ሕማማቱ ይነበባል፣ ኪርያላይሶን ይባላል፣ ሰዉ ድንጋዩ ላይ ግንባሩን አስነክቶ ይነሳል፣ 6 ሰዓት ላይ ጨለማው ይታሰባል፣ 9 ሰዓት ላይ ነፍሱን የሰጠበት ይነበባል፣ ላብና እንባው ተቀላቅሎ የማን እንደሆነ አይለይም። ይሄ ሁሉ ሕዝብ ዕዳ ሊከፍል የወጣ አይደለም፣ የሞተለትን አምላክ ሊሰግድለት ነው የወጣ። ወይራው እንኳ ግርፋቱን እንድታስቢበት ነው። ጉልበቱን የታመመ ሰው አንገቱን ዝቅ ቢያደርግ ስግደቱ ስግደት ነው፣ ያን ዕለት ለቄሱ አባቴ ጉልበቴን ያመኛል ብትያቸው ኖሮ በአቅምሽ ያደርጉልሽ ነበር፣ ለወደፊቱ ሳታፍሪ ተናገሪ።

እኔን ያሳዘነኝ ግን ስግደቱ አይደለም እታለም። የፋሲካ ሌሊት ፊትሽን ሸፍነሽ መውጣትሽ ነው። ያን ሁሉ ሰዓት ስለሞቱ ስታለቅሽ ውለሽ፣ ሁለት ወር ያህል ጾመሽ፣ እሱ ስለ እናንተ የሚሰጠው ሥጋየ ይህ ነው ብሎ ሲያቀርብልሽ ቁጥሬ አልሞላም ብለሽ ሄድሽ። የመስቀሉ መሥዋዕት አንች ዘንድ የሚደርሰው በምን ይመስልሻል? በቁርባን ነው። ሌላ መሥዋዕት አይደለም፣ ያው ቀራንዮ ላይ የተቆረሰው ሥጋ ያው የፈሰሰው ደም ነው። ቅዳሴ ላይ ሕዝቡ አንድ ላይ ሆነን "ንዜኑ ሞተከ እግዚኦ ወትንሣኤከ ቅድስተ" እንላለን፣ አቤቱ ሞትህንና ቅድስት ትንሣኤህን እንናገራለን ማለት ነው፣ ቅዱስ ጳውሎስም ይህን እንጀራ በበላችሁ ይህንንም ጽዋ በጠጣችሁ ጊዜ ሁሉ ጌታ እስኪመጣ ድረስ ሞቱን ትናገራላችሁ ብሏል (1ቆሮ 11፥26)። እና በየቤተክርስቲያኑ የማየው ነገር ልቤን ያቆስለዋል፣ የሚቆርበው ሕፃናትና አሮጊት ሽማግሌው ነው፣ ጎልማሳውና ወጣቱ መቶ ጊዜ ሰግዶ፣ ጧፍ አብርቶ፣ ጠበል ጠጥቶ፣ ቁርባኑ ጋ ሲደርስ እኔ አልበቃም ብሎ ወደ ኋላ ይሸሻል። መቼ ሊበቃ ነው? በራሱ የበቃ ማን አለ? በቅተን ቢሆን ጌታ ለምን ይሞታል?

ዝም ብለሽ ግቢና ቁረቢ እያልኩሽ አይደለም፣ እንዳትሳሳችብኝ። ሳይገባው የሚቀበል ዕዳ እንዳለበት እዛው ምዕራፍ ላይ ተጽፏል። ግን ሐዋርያው ሰው ራሱን ይፈትን ብሎ ቀጥሎ ያለው ይብላ ነው፣ ራሱን ፈትኖ ይቅር አላለም።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት የንስሐ አባትሽን አግኛቸው። በስልክ ቀጠሮ ያዥ፣ ኑዛዜው ግን በአካል ይሁን። ጉልበትሽን ንገሪያቸው፣ የቀረውን ስግደት ንገሪያቸው፣ ከልብሽ የማይወጣ ሌላ ኃጢአትም ካለ አትደብቂ፣ ከፋሲካ ቅዳሴ ለምን እንደወጣሽም ንገሪያቸው። እሳቸው ቁረቢ ካሉሽ ጰራቅሊጦስን አትጠብቂ፣ ጾም የለም ብለሽም እንዳትዘናጊ፣ በሃምሳው ቀንም ቢሆን ከመቁረብሽ በፊት 18 ሰዓት ከምግብና ከውኃ ትከለከያለሽ። ስግደቱን በሰኔ ጾም ፈጽሚው ካሉሽ ያኔ በአቅምሽ ትፈጽሚዋለሽ፣ ተይው ካሉሽም ተይው።