ዓይን የማይሞሉ መዝናኛ ፓርኮች፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው ርዕስ የመዝናኛ ፓርክ መልክ ነው። ጎብኚ ገብቶ «ገንዘቡስ ወጥቶበታል፣ ግን ያስጠላል» ብሎ የሚወጣበትን ነገር ሁሉ ጠይቁ፦ ቀለም፣ መብራት፣ አጥር፣ ሐውልት፣ ጽሑፍ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። አብዛኛው ቅሬታ የሚመጣው ከጣዕም ማነስ አይደለም፤ ጎብኚው የት ቆሞ ምን እንደሚያይ ማንም ስላላሰበበት ነው። መልሶቼም ወደዚያው ያጋድላሉ።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)፦ የልጆች ሸርተቴና የፋይበር ግላስ እንስሳት ሲተከሉ ደማቅ ናቸው። ብዙም ሳይቆይ ቀዩ ሮዝ ይሆናል፣ ሲነኩት እጅ ላይ ዱቄት ይቀራል። ዕቃው ርካሽ ስለሆነ ነው?

ርካሽ ሊሆን ይችላል፤ ዋናው ጥፋተኛ ግን ፀሐያችን ናት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አልትራቫዮሌት ጨረሩ ከቆላው ይበረታል። ጨረሩ የፋይበር ግላሱን የላይኛውን ሽፋን፣ ጄልኮት የሚባለውን፣ ይበላዋል። ቀለሙን የያዘው ሙጫ ሲጠፋ ብናኙ ላይ ላዩን ይቀራል፤ እጅሽ ላይ የሚቀረው ዱቄት እሱ ነው። ደማቅ ቀይ፣ ሮዝና ሐምራዊ ቀድመው ይሞታሉ። ከብረት ኦክሳይድ የሚሠሩት እንደ ሸክላ ቀይ፣ ኦከር ቢጫና ቡናማ ያሉት ግን ዓመታት ይቆያሉ። ስለዚህ ከፀሐይ ፊት ለፊት ለሚቆም ነገር የሸክላ ቀይ መምረጥ ከጣዕምም ከወጪም አንፃር ይሻላል።

ጥገናው እንዲህ ነው። በሳሙናና በውሃ ታጥቦ ይደርቃል። በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ በ320፣ ዱቄቱ እስኪጠፋ ይታሻል። ስንጥቁ በፖሊስተር ስቱኮ ይሞላል። ከዚያ ኤፖክሲ ፕራይመር አንድ እጅ፣ ባለ ሁለት ክፍል ፖሊዩረቴን ሁለት እጅ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ሳይታሽ በዱቄቱ ላይ መቀባት ነው፤ ቀለሙ ከዱቄቱ ጋር ተያይዞ ይላጣል። ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። የአየሩ እርጥበት ከ85 በመቶ በላይ ከሆነ፣ ወይም የዕቃው ገጽ ጤዛ ከሚጥልበት ሙቀት ቢያንስ 3 ዲግሪ ካልበለጠ አይቀባም። በተግባር ሲታይ ክረምቱን መተው፣ በበጋም ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ብሩሽ አለማንሳት ማለት ነው።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ልጆቼን ፎቶ ሳነሳ ከተረቱ ቤት ጀርባ ሁሌም የመስታወት ፎቅ ይገባብኛል። መሀል ከተማ ላይ ይህ መፍትሔ አለው?

አለው፣ ያውም በዛፍ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው «ፎቁ ትልቅ ስለሆነ ትልቅ ዛፍ ያስፈልገዋል» ብሎ ዛፉን ፎቁ አጠገብ፣ የግቢው ጠርዝ ላይ ሲተክል ነው። ዛፉ መተከል ያለበት ተመልካቹ አጠገብ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ከፎቁ ቁመት ላይ የዓይንን ቁመት፣ 1.5 ሜትር፣ ቀንስ። ውጤቱን ዛፉ ከአንተ በሚርቅበት ርቀት አባዛና ፎቁ ከአንተ በሚርቅበት ርቀት አካፍል። መጨረሻ ላይ 1.5 ደምር።

30 ሜትር ፎቅ 120 ሜትር ርቆ ቆሟል እንበል። ዛፉ 10 ሜትር ፊትህ ላይ ከሆነ 3.9 ሜትር ቁመት ይበቃል። ያንኑ ዛፍ መሀል ላይ፣ 60 ሜትር ርቀት ላይ ብትተክለው 16 ሜትር ገደማ ያስፈልጋል። የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት 209 ሜትር ነው። መሬቱ እኩል ከሆነና 1 ኪሎ ሜትር ርቀህ ከቆምክ፣ 10 ሜትር ፊትህ ያለ 3.6 ሜትር ዛፍ ይሸፍነዋል።

በእርግጥ ሰው ይንቀሳቀሳል፤ ሁሉንም ቦታ መሸፈን አይቻልም። ስለዚህ ሰው የሚቆምባቸው ቦታዎች ይመረጣሉ፦ ሰልፉ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ፎቶ የሚነሣበት። የሐበሻ ጥድ ወጣት ሳለ ቅርንጫፉ እስከ መሬት ስለሚደርስ ጥሩ ነው፣ ግን አዝጋሚ ነው። ቀርከሃ ይፈጥናል፤ ሥሩ ግን ንጣፉን እንዳያነሳው 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የፕላስቲክ ግድግዳ መሬት ውስጥ ይቀበርለት። ዘንባባ ብቻ አትትከል። ግንዱ በዓይን ቁመት ላይ፣ ቅጠሉ ሰማይ ላይ ነው፤ ፎቁንም አይሸፍን፣ ጥላም የለው።

መሸፈን የማይቻል ከሆነ ማልበስ አለ። ፍሎሪዳ ውስጥ ዲዝኒ የገነባው ባለ አሳንሰር ማማ በጎረቤቱ የኤፕኮት ፓርክ ሞሮኮን አስመስሎ ከተሠራው ሕንፃ ጀርባ ብቅ ይላል። ስለዚህ ቀለሙንና የጣሪያውን ቅርጽ የሞሮኮው ሕንፃ ክፍል እንዲመስል አድርገው ሠሩት። እዚህም ከፎቁ ፊት የሚቆመውን ቤት ቀለም ከፎቁ ጋር ማዛመድ ይቻላል።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ ይህ የድሃ አገር ችግር ነው ወይስ ትልልቆቹም ይወቀሳሉ?

እንዴታ፣ እነሱማ በደንብ ይወቀሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 ፍሎሪዳ ያለው የዲዝኒ የሲንደሬላ ግንብ ለ25ኛ ዓመቱ ሻማ የተሰካበት ሮዝ ኬክ ሆነ። ለሠርጉና ለአንድ ቀን ጉብኝቱ ከሩቅ የመጣ ሰው ፎቶው ላይ ኬክ ሲገባበት ተቆጣ። በ1998 መጀመሪያ ተነሣ። ለፈረንጆቹ 2000 አቀባበል በኤፕኮት ትልቅ ሉል ላይ የተሰቀለው የአስማተኛ እጅና በትር እስከ 2007 ቆየ። በሌላው ፓርክ ደግሞ በ2001 37 ሜትር ገደማ የሆነ የአስማተኛ ቆብ ከሆሊውዱ የቻይና ቴአትር ቅጂ ፊት ተተከለ፤ የዋናውን መንገድ መድረሻ እይታ ዘግቶ እስከ 2015 ቆመ።

ሦስቱም አንድ ዓይነት ጥፋት ናቸው። ለበዓል የመጣ ጌጥ በዓሉ ሲያልፍ ቀረ፣ ወይም ጥሩ እይታ ላይ ተደነቀረ። ይህ እኛም ጋ አለ። የገና ዛፍ ብረቱ ፋሲካ ድረስ ቆሞ አይታችኋል። ለጊዜያዊ ጌጥ መድኃኒቱ ውሉ ላይ የማንሻ ቀንና የማንሻ በጀት አብሮ መጻፍ ነው፤ የማንሻው ገንዘብ ካልተያዘ ማንም አያነሳውም።

በ2001 የተከፈተው የካሊፎርኒያ አድቬንቸር ፓርክ ደግሞ ከመልክ አልፎ «ርካሽ ይመስላል» ተብሎ ተወቀሰ። በ2007 የ1.1 ቢሊዮን ዶላር ማስተካከያ ተጀምሮ በ2012 አለቀ።

ጥያቄ (ከስድስት ኪሎ)፦ የጎንደርን ግንብ አስመስለው የሚሠሩት ነገር ለምን የፕላስቲክ ጨዋታ ይመስላል?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እህቴ፤ ትንሽ ልቆይበት። የፋሲል ግቢ ግንብ የተሠራው ከጥቁር ድንጋይና ከኖራ ነው፤ በርና መስኮቱ ዙሪያ ቀላ ያለ ድንጋይ አለው። ድንጋዮቹ አንዱ ከሌላው አይመሳሰሉም። ቅጂው የሚጋለጠው በአራት ነገር ነው።

መጀመሪያ ድግግሞሹ። አንድ ሻጋታ ተሠርቶ ሃያ ጊዜ ሲታተም ያው ጠማማ ድንጋይ በየሜትሩ ተመልሶ ይመጣል፣ ዓይንም ወዲያው ይይዘዋል። ቢያንስ አራት አምስት ሻጋታ ተሠርቶ ሲለጠፍ መገልበጥና ማዞር ያስፈልጋል። ከዚያ የሚሻለው በወንፊት ሽቦ ላይ ከ4 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር የሲሚንቶ ልስን ለስኖ በእጅ መቅረጽ ነው፤ ቀረጻው የሚጀመረው ጣት ሲጫነው የማይሰምጥ፣ ማንኪያ ግን የሚፍቀው ሲሆን ነው።

ሁለተኛ የመስመሩ ቀለም። የድንጋዩን መጋጠሚያ በነጭ ወይም በጥቁር ቀለም በብሩሽ ማስመር ካርቱን ያደርገዋል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መካከለኛ ቀለም መደብ፤ ቀጥሎ ጠቆር ያለ ቀለም በውሃ አቅጥኖ አፍስሶ በጨርቅ መጥረግ፣ ጥቁሩ ጎድጓዳው ውስጥ ብቻ እንዲቀር፤ መጨረሻ ላይ ደረቅ ሊባል በሚችል ብሩሽ ፈካ ያለ ቀለም ጠርዝ ጠርዙን ማስነካት። ሦስተኛ አንጸባራቂነቱ። ድንጋይ አያብረቀርቅም፤ የላይኛው ሽፋን የግድ ማት ይሁን። ሥራው ሁሉ ጥሩ ሆኖ በመጨረሻ ቀን በተቀባ የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ የተበላሸ ስንት አለ!

አራተኛ ልኩ። ቁመቱን በግማሽ ቀንሶ የድንጋዩን መጠን እንዳለ መተው ግንቡን መጫወቻ ያስመስለዋል። ዲዝኒላንድ ያለው ግንብ 23 ሜትር ብቻ ነው። ትልቅ የሚመስለው ድንጋዩ ከታች ትልቅ ሆኖ ወደ ላይ እያነሰ ስለሚሄድ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ውሳኔ አለ። ፓሪስ አጠገብ ያለው የዲዝኒ ፓርክ ሲታሰብ፣ እውነተኛ ግንብ በየአውራጃው ላለው ሕዝብ የግንብ ቅጂ ማቅረብ እንደማያዋጣ ተረድተው እ.ኤ.አ. በ1992 የተከፈተውን ግንብ ሮዝ ተረት ተረት አደረጉት፤ ሮዙም ከዳመናማው ሰማይ ጋር እንዳይቀላቀል ነው። ጎንደርን ላየ ሕዝብ ጎንደርን በፋይበር ግላስ መኮረጅም ያው ነው። ወይ በትክክል ይሠራ፣ ወይ በግልጽ ተረት ይሁን። መሀል ሜዳ ላይ ሲቀር ነው የሚያስጠላው።

ጥያቄ (ከለገሃር)፦ የአንበሳ ሐውልቶቹስ? አንዳንዱ ውሻ ይመስላል።

ፀጉሩን አንድ በአንድ ለመቅረጽ ስለሚሞከር ነው። ብሔራዊ ቴአትር ፊት ያለውን የሞሪስ ካልካን አንበሳ እዩት፤ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ቆሟል። ጎፈሩ ቅርጽ ነው እንጂ ፀጉር አይደለም፤ የተቀባ ዓይንና ምላስም አይፈልግም። ከመንገዱ ማዶ በጥላው ብቻ ይለያል። በጀት ትንሽ ሲሆን እንዲህ ዓይነት ቀላል ቅርጽ ይዘዝ። እንስሳው እውነተኛ መስሎ ይሠራ ከተባለ ደግሞ ገንዘቡ ፊቱ ላይ ይውጣ፤ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ዓይኑን ነው።

ጥያቄ (ከስታዲየም አካባቢ)፦ ማታ ማታ ፓርኩ የሆስፒታል ኮሪደር ይመስላል።

አምፖሉ ዴይላይት፣ ማለትም 6500 ኬልቪን፣ ስለሆነ ነው። ሰው ለሚቀመጥበትና ለሚበላበት ቦታ ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን፣ ሱቅ ላይ «ዋርም» የሚሉት፣ ይሁን። የቀለም መግለጫ ቁጥሩ (ካርቶኑ ላይ CRI የሚለው) ከ80 በታች የሆነውን አትግዙ፤ ፊትም ምግብም ያገረጣል። ውጭ ለሚሰቀለው IP የሚለው ምልክት፣ አቧራና ውሃ መከላከሉን የሚናገረው፣ 65 ይሁን። ሌላው ደግሞ አምፖሉ ራሱ መታየቱ ነው፤ ብርሃኑ ይታይ፣ አምፖሉ ይደበቅ። አረንጓዴ ፓውዛ ዛፍ ላይ እንጂ ሰው ላይ አይዞርም። ሲቃጠል የሚቀየረውም ከዚያው ዓይነት ይሁን፤ ግማሹ ቢጫ ግማሹ ሰማያዊ የሚሆነው የግዢ ክፍሉ «አምፖል» ብቻ ብሎ ስለሚጽፍ ነው።

ጥያቄ፦ አጥር ነጭ ይሻላል ጥቁር?

ወደ ኋላ እንዲጠፋ ከፈለግን ጥቁር ወይም ጥቁር አረንጓዴ። ነጭ አጥር ዓይን ይይዛል። የልጆች መጫወቻ ላይ ግን ከመልክ በፊት ክፍተቱ ይለካ፤ ከ89 እስከ 230 ሚሊ ሜትር ያለ ክፍተት የሕፃን ጭንቅላት ይይዛል።

ጥያቄ (ከሜክሲኮ)፦ ሮቶና ጄኔሬተሩ ከካፌው ፊት ለፊት ነው። እንቀባው?

ሮቶውን አትቀቡት፤ ፖሊኢትሊን ላይ ቀለም አይጣበቅም፣ በወራት ውስጥ ይላጣል። ከፊቱ የእንጨት ርብራብ ወይም ቀርከሃ አቁሙለት፤ ርብራቡ ግራጫ የተቀላቀለበት አረንጓዴ ይቀባ፣ ዓይን አልፎት ይሄዳል። ጄኔሬተሩን ግን አታፍኑት። በዙሪያው ቢያንስ 1 ሜትር ይተው፤ ከራዲያተሩ ፊት ያለው የአየር መውጫ ክፍተት ስፋቱ ከራዲያተሩ ገጽ ስፋት በአንድ ሩብ ይብለጥ፤ ጭሱ ወደ ላይ ይውጣ። ለማስዋብ ተብሎ ግድግዳ የተዘጋበት ጄኔሬተር በሙቀት ራሱን ያጠፋል፣ ያኔ ማስዋቡም በጨለማ ይቀራል።

ጥያቄ (ከቸርችል ጎዳና)፦ የአማርኛ ጽሑፎቹ ለምን አይነበቡም?

ፊደሉ ስለሚለጠጥ። ዲዛይነሩ ሰሌዳውን ለመሙላት ወደ ጎን ይስበዋል፤ የካዕብና የሣልስ ትንንሽ ቅጥያዎች ይሟሽሻሉ፣ «ሉ» እና «ሊ» ይቀላቀላሉ። ለላቲን የተለመደው መነሻ ለየ3 ሜትር ርቀት 25 ሚሊ ሜትር ቁመት ነው። ለፊደላችን እጥፍ አድርጉት፦ 12 ሜትር ርቆ ለሚነበብ 20 ሳንቲ ሜትር።

ጥያቄ (ከአምባሳደር)፦ አምና የተቀባው ብረት ዛገ፣ ዝገቱም በነጩ ላይ እየወረደ ነው። እንደገና መቀባት ይበቃል?

መጀመሪያ ከየት እንደሚወርድ ይታይ። ከብሎን ከሆነ የማይዝግ ብሎንና የናይለን ዋሸር ይግባለት። ከቱቦላሬ ጫፍ ከሆነ ውስጡ ውሃ አለ፤ ከታች ማፍሰሻ ቀዳዳ፣ ከላይ ክዳን ያስፈልገዋል። ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ብረት ላይ የዘይት ቀለም በቀጥታ ተቀብቶ ከሆነ ቀለሙ ከዚንኩ ጋር ሳሙና እየሠራ ይላጣል፤ ተነሥቶ፣ ቅባቱ ታጥቦ፣ በዎሽ ፕራይመር መጀመር አለበት። ተራ ብረት ከሆነ ዝገቱ እስከ ንጹሕ ብረት ይወርድና ዚንክ ያለው ፕራይመር ይቀድማል።

ዝገቱ የሚወርደው ሰው ከሚጭን ሽክርክሪት ወይም ዥዋዥዌ ብየዳ ላይ ከሆነ ግን ነገሩ የመልክ አይደለም። መጫወቻው ይቁም፣ ብየዳው ተፍቆ በባለሙያ ይመርመር፣ ቀለሙ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ቀድሞ ከተቀባ ስንጥቁን ይደብቀዋል።